ሁሉም አንድ ዓይነት ጩኸት ነውን? የሮክ ባንዶች ድምፅና የአድማጭ ፍርድ

አዲስ የሙዚቃ ስልት በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ብቅ ባለ ቁጥር ቀድሞ የሚሰነዘርበት ነቀፌታ ዘወትር ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ይባላል። ባለፉት ሰባ ዓመታት ይህን ነቀፌታ ከሌሎቹ ይበልጥ የተሸከመ ስልት ቢኖር ሮክ ተብሎ የሚጠራው ነው። አባት ከልጁ ክፍል የሚወጣውን ድምፅ ሰምቶ ዛሬ የሚጫወተው ባንድ ትናንት ከተጫወተው በምንም እንደማይለይ ይምላል፤ ልጅ በበኩሉ በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ርቀት መኖሩን ይምላል። ሁለቱም የሰሙት አንድን ድምፅ ነው። ታዲያ የማንኛቸው መሐላ ነው ሐሰት?

ጥያቄው ከቤት ውስጥ ክርክር ያለፈ ክብደት አለው። አንድን የጥበብ ዘርፍ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ በጅምላ የሚፈርድ መምህር፣ የኪነት ባለሙያ ወይም የባህል ካድሬ፣ በዚያ ዘርፍ ውስጥ ጥሩውን ከመጥፎው፣ እውነተኛውን ከአስመሳዩ የመለየት ግዴታውን በአንድ ቃል ከትከሻው አውርዶ ጥሏል ማለት ነው። ወደኋላ እንደምናየውም፣ እንዲህ ያለው ፍርድ ሥልጣን ካለው ሰው አፍ በወጣ ጊዜ ወጣቶችን ለእስራት የዳረገበት አጋጣሚ በታሪክ ተመዝግቧል። ስለዚህ ጉዳዩን በስሜት ሳይሆን በማስረጃ መመርመር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የጋራው ሥር

በመጀመሪያ ለአባትየው እውነቱን መስጠት ተገቢ ነው። የሮክ ባንዶች የሚመሳሰሉበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ነው። የሮክ ዋነኛ ሥር ብሉዝ ነው። ብሉዝ በደቡባዊ የአሜሪካ ክፍሎች፣ በተለይም በሚሲሲፒ አካባቢ፣ ከባርነት በሕግ ወጥቶ ከድህነትና ከዘር ጭቆና ግን ባልወጣው ጥቁር አራሽ መካከል የተወለደ ሙዚቃ ነው። በተለመደው ቅርጹ አንድ አንጓ በ12 እኩል የጊዜ ክፍሎች ይለካል፤ ሙዚቀኞች ኮርድ በሚሏቸው ሦስት ኅብረ ድምፆች ላይ ይቆማል፤ ግጥሙም አንዱን ስንኝ ብሎ፣ ያንኑ ደግሞ፣ በሦስተኛው ስንኝ ይመልሳል።

ይህ ሙዚቃ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ከተጓዘው ሠራተኛ ጋር አብሮ ተጓዘ። ከሚሲሲፒ እርሻ በ1943 ወደ ቺካጎ የሄደው መዲ ዋተርስ በጫጫታ በተሞላው የከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ለመሰማት የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ብሉዝ ከነጮቹ የገጠር ሙዚቃና ከጥቁሮቹ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጋር ተዋሕዶ ሮክ ኤንድ ሮል የተባለውን ወለደ። ኤልቪስ ፕሪስሊ በሜምፊስ ከተማ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን በ1954፣ ቸክ ቤሪ ደግሞ የመጀመሪያውን በ1955 አወጡ። መሣሪያው በፋብሪካ የተዘጋጀ ነበር። ሊዮ ፌንደር የተባለው የካሊፎርኒያ ባለሙያ በ1951 የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ለገበያ አቀረበ። እነዚህ መሣሪያዎችና አምሳያዎቻቸው ከዚያ ወዲህ የብዙ ባንዶች የጋራ ዕቃ ሆኑ።

እንግዲህ ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም፣ ሦስት ኅብረ ድምፅ፣ በየአራቱ ምት ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ጎላ ብሎ የሚመታ ከበሮ፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን፤ ይህ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። ለእነዚህ ነገሮች ብቻ ጆሮውን የሰጠ አድማጭ ተመሳሳይነትን ቢሰማ አልተሳሳተም።

ገበያውና መልኩን የቀየረ ሸቀጥ

ተመሳሳይነቱን በመደብና በገበያ መነጽር የተመለከተው ቴዎዶር አዶርኖ የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ ነበር። አዶርኖ ናዚዎችን ሸሽቶ በአሜሪካ ሳለ በ1941 ስለ ሕዝባዊ ሙዚቃ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለገበያ የሚመረቱ ዘፈኖች ቅርጻቸው አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነትም እንደ ሸቀጥ ማሸጊያ ገዢውን ለማማለል የተቀባ የይስሙላ ልዩነት መሆኑን ተከራክሯል። ጽሑፉ የወጣው ሮክ ከመወለዱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ ይሁን እንጂ ክሱ በኋላ በሮክ ላይም ተነሥቷል።

ክሱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሪቻርድ ፒተርሰንና ዴቪድ በርገር የተባሉ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተመራማሪዎች በ1975 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ እስከ 1955 ድረስ በአሜሪካ ከፍተኛ ተወዳጅነት ካገኙት ነጠላ ሸክላዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በ4 ኩባንያዎች እጅ ነበሩ። ሮክ ኤንድ ሮልን ይዘው የተነሡት ትናንሽ አሳታሚዎች ይህን ሰብረው በ1962 የአራቱን ድርሻ ወደ አንድ አራተኛ ገደማ አወረዱት፤ ከዚያ በኋላ ግን ገበያው ተመልሶ በጥቂቶች እጅ መጠቅለል ጀመረ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ገበያው በጥቂት ከበርቴዎች እጅ ሲገባ የሙዚቃው ዓይነት እንደሚጠብ፣ ብዙዎች ሲፎካከሩበት እንደሚሰፋ ነው። ይህ የአድማጭ ጆሮ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንብረት ባለቤትነት ጉዳይም መሆኑን ያመለክታል።

ሌላም ማስረጃ አለ። በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ከተማ በክፍያ ተቀጥረው በቀረጻ ላይ ብቻ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ነበሩ። ከነርሱም መካከል የድራም ተጫዋቹ ሃል ብሌን እና የቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ካሮል ኬይ ይገኙበታል። ባርድስ የተባለው ባንድ በ1965 ዝናን ያተረፈለትን የመጀመሪያ ሸክላውን ሲቀርጽ ከአባላቱ መካከል መሣሪያ የተጫወተው ሮጀር ማክጊን ብቻ ነበር፤ ድራሙን የመታው ብሌን ነው። ቢች ቦይስ የተባለው ባንድ በ1966 ባወጣው «ፔት ሳውንድስ» በተሰኘው አልበም ላይም ብሌንና ኬይ ተጫውተዋል። ለቴሌቪዥን ትርዒት ተመልምለው የተሰባሰቡት መንኪስ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው ላይ በአብዛኛው ድምፃቸውን ብቻ ሰጡ፤ መሣሪያዎቻቸውን ራሳቸው ለመጫወት ታግለው የተሳካላቸው በ1967 ነው። በሽፋኑ ላይ የተለያየ ስምና የተለያየ ፎቶግራፍ፣ ከውስጥ ግን የአንድ ሰው እጅ! አዶርኖ ይህን ቢያይ ከዚህ የተሻለ ምስክር ባልፈለገ ነበር።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የባርድስንና የቢች ቦይስን ሥራዎች አከታትሎ የሰማ ሰው፣ ድራም መቺው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን አያምታታም። በአንደኛው ላይ የሚነግሠው እንደ ደወል የሚያስተጋባው ባለ 12 ክር ጊታር ነው። በሌላው ላይ የሚነግሡት ተደራርበው የሚወጡት የሰው ድምፆችና ወጣቱ አቀናባሪ ብራያን ዊልሰን በጥንቃቄ የሸመናቸው መሣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ተቀጣሪ ሙዚቀኞቹ የሚያረጋግጡት በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ለልዩነት ዋስትና አለመሆኑን እንጂ ልዩነት አለመኖሩን አይደለም። ልዩነቱ ከስሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የት ነው?

አንድ ዘፈን፣ ሁለት ባንድ

ታሪክ አልፎ አልፎ ተመራማሪ አስቦ ሊያዘጋጀው የማይችለውን ፈተና ያዘጋጃል። በ1963 መጸው የሊቨርፑሉ ቢትልስ በብሪታንያ የገነነ ባንድ ሆኗል። ሮሊንግ ስቶንስ ደግሞ ስሙን ከመዲ ዋተርስ ዘፈን የወሰደ፣ የመጀመሪያ ሸክላውን በቸክ ቤሪ ዘፈን የከፈተ፣ ገና መንገዱን በመፈለግ ላይ ያለ የለንደን ባንድ ነበር። ለሁለተኛ ሸክላቸው ዘፈን ያጡትን ስቶንሶችን የረዷቸው የቢትልስ ደራሲዎች ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ ናቸው፤ «አይ ዋና ቢ ዩር ማን» የተባለውን ዘፈን ሰጧቸው። ስቶንሶች ዘፈኑን በኅዳር ወር መባቻ በሸክላ አወጡት። ቢትልሶችም ያንኑ ዘፈን ራሳቸው ተጫውተው በዚያው ወር በወጣው ሁለተኛ አልበማቸው ውስጥ አካተቱት።

ደራሲ አንድ፣ ግጥም አንድ፣ ዜማ አንድ፣ አገር አንድ፣ ወር አንድ፣ መሣሪያም ከሞላ ጎደል አንድ። ውጤቱ ግን ሁለት ነው። ቢትልሶች ዘፈኑን ለድራም መቺያቸው ለሪንጎ ስታር ሰጡት፤ ቀረጻውን የመራው ጆርጅ ማርቲን ኦርጋን ጨመረበት፤ ሌሎቹ አባላት በአዝማቹ ላይ ተቀበሉ። የሚሰማው ወዳጆች ተሰባስበው በደስታ የሚጨፍሩበት ቤት ነው። በስቶንሶች ቀረጻ ላይ ብራያን ጆንስ ጣቱ ላይ የሰካውን ቱቦ በጊታሩ ክሮች ላይ እያንሸራተተ ያስለቅሰዋል፤ ይህም በቀጥታ ከሚሲሲፒ አራሾች የተወረሰ አጨዋወት ነው። ሚክ ጃገር ቃላቱን ሲያወጣ እንደ ግብዣ ሳይሆን እንደ ዛቻ ነው። ቤዝ ጊታሩ ፊት ፊት ይሮጣል። የመጀመሪያውን የሰማ ፈገግ ይላል፤ ሁለተኛውን የሰማ በሩን መቆለፉን ያረጋግጣል።

ከዚህ ፈተና የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የባንድ ማንነት በወረቀት ላይ በሚጻፈው፣ ማለትም በዜማው፣ በኅብረ ድምፁና በግጥሙ ላይ ብቻ ተፈልጎ አይገኝም። በአብዛኛው የሚገኘው በወረቀት ላይ በማይጻፈው ነው፦ በድምፅ ቀለም፣ በምቱ ላይ ቀደም ወይም ዘግየት በማለት፣ በድምፃዊው ጉሮሮ፣ በጣት አነካክ። ምሁራን ለረጅም ጊዜ ሮክን በኖታ እየለኩ ድሃ ነው ሲሉ የቆዩት፣ ሀብቱ ኖታ በማይይዘው በኩል መከማቸቱን ልብ ስላላሉ ነው።

ይህን የሚደግፍ የላቦራቶሪ ምርመራም አለ። በ1999 በታተመ የሥነ ልቡና ጥናት አድማጮች ከታወቁ ዘፈኖች የተቆረጡ፣ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ የሚረዝሙ የድምፅ ቁራጮችን እንዲሰሙና ከቀረበላቸው የዘፈኖችና የዘፋኞች ስም ዝርዝር ጋር እንዲያዛምዱ ተደረገ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ዜማ ሊሰማ አይችልም፤ ግጥምም እንዲሁ። አድማጮቹ ግን በግምት ሊሆን ከሚችለው በላይ ለይተው አወቁ። የለዩትም በድምፁ ቀለም ነው።

የእጅ ታሪክ

የድምፅ ቀለም ከየት ይመጣል? መልሱ ብዙውን ጊዜ ከችግርና ከብልሃት ነው። ኪንክስ የተባለው የለንደን ባንድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ የትንሿን የድምፅ ማጉያ ሸራ በምላጭ ተለተላት፤ ከዚያ የወጣው የሻከረ ድምፅ በ1964 ባንዱን አስጠራ። ኪት ሪቻርድስ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጊታሩን ቅኝት ከተለመደው ለውጦ ስድስተኛውን ክር ጭራሽ አወጣው፤ የስቶንሶች የኋላ ዘመን መለያ የሆነው አጨዋወት የመጣው ከዚያ ነው። ከጃዝ የመጣው ድራም መቺያቸው ቻርሊ ዋትስ በቁጠባ እየመታ ለጊታሩ ቦታ ይለቅ ነበር። በአንጻሩ የ«ዘ ሁ» ባንድ ድራም መቺ ኪት ሙን ከበሮውን በጊዜ ጠባቂነት ሳይወስን እንደ ሁለተኛ ድምፃዊ ያናግረው ነበር። ሁለቱም ድራም ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የበርሚንግሃሙ የቶኒ አዮሚ ታሪክ ነው። አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የቆርቆሮ መጫኛው መኪና የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ወጣቱ ግራኝ በመሆኑ ክሮቹን የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበርና ጊታር መጫወቱ ያከተመ መሰለ። የፋብሪካው አለቃ ግን ጃንጎ ራይንሃርት የተባለውን፣ እጁ በእሳት ተጎድቶ በሁለት ጣቶች ብቻ ተአምር ይሠራ የነበረ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ሸክላ አሰማው። አዮሚም ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ጫፎች ሠራ፤ በቆዳ አለበሳቸው፤ ለታመሙት ጣቶቹ እንዲቀሉ ቀጫጭን ክሮች ተጠቀመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ክሮቹ ይበልጥ እንዲላሉ ቅኝቱን ከመደበኛው ዝቅ አደረገ። በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ብላክ ሳባዝ ከሌሎች ባንዶች የተለየበት ያ ከባድ፣ ጥቁር፣ የብረት መዓዛ ያለው ድምፅ በአንድ በኩል የዚህ ጉዳት ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የአዶርኖ ክስ ይደክማል። የትኛውም ነጋዴ አስቀድሞ ሊያቅደው የማይችል፣ ከሠርቶ አደር እጅ ቁስል የተወለደን ድምፅ የይስሙላ ልዩነት ማለት አይቻልም። ሆኖም ታሪኩ በዚህ አያበቃም። አዮሚ በግድ ያገኘውን ድምፅ ሙሉ ጣት ያላቸው በርካታ ጊታር ተጫዋቾች በውድ ቀዱት፤ ኩባንያዎችም ይህን የሚመስል ባንድ ማደን ጀመሩ። በችግር የተወለደው ልዩነት በቅጂ ወደ ተመሳሳይነት ተለወጠ። ከዚያም ተመሳሳይነቱ ያንገፈገፈው ሌላ ትውልድ ተነሣ። በ1974 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ራሞንስ አጫጭር፣ ፈጣንና ጌጥ አልባ ዘፈኖችን አከታትሎ በመጫወት የተንዛዛውን ሮክ ሸሸ፤ ሆን ብሎም ዘፈኖቹን እርስ በርስ አመሳሰላቸው። እንግዲህ ልዩነትና ተመሳሳይነት አንዱ ሌላውን የሚያጠፋ ባላንጣ አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ማሕፀን የሚወጣ፣ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ቅራኔ ናቸው።

መኪናውና ቁጥሩ

በ1980ዎቹ ደግሞ ሌላ ኃይል ገባ። ምትን በኤሌክትሮኒክስ የሚመቱ መሣሪያዎች ተስፋፉ፤ በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለው ኪቦርድ ለገበያ ቀረበ፤ የተለያዩ ኩባንያዎችን መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ሚዲ የተባለው ሥርዓትም በዚያው ዓመት ተዋወቀ። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ድምፆች ተሞልተውበት ስለነበር፣ ቁልፉን የተጫነ ሁሉ ያንኑ ድምፅ አገኘ። የሰው እጅ ቀደም ወይም ዘግየት የሚልበት ቦታ ጠበበ።

ይህ ሂደት የሕዝባዊ ሙዚቃን ልዩነት ምን ያህል እንደቀነሰ በቁጥር የመረመሩ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች አሉ። ጆአን ሴራ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ጥናት ከ1955 እስከ 2010 የተሠሩ 464,411 ቀረጻዎችን በኮምፒውተር መርምረው፣ የድምፅ ቀለሞች ወደ ተመሳሳይነት እንዳዘነበሉ፣ የድምፆች ቅደም ተከተል እንደጠበበ፣ የቀረጻ ጩኸትም እንደጨመረ ገለጹ። በ2015 ግን ማቲያስ ማውክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ከ1960 እስከ 2010 ተወዳጅ የነበሩ 17,000 ያህል ዘፈኖችን መርምረው፣ ያለማቋረጥ የሚቀጥል መመሳሰል አለመኖሩን አሳዩ። ያገኙት በ1964፣ በ1983 እና በ1991 የተከሰቱ ሦስት ፈጣን ለውጦችን ነው። ልዩነት ጎልቶ የቀነሰው በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ያም የምት መሣሪያዎቹ በተስፋፉበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ሰፋ።

ሁለቱ ጥናቶች ከሮክ ባንዶች አልፈው ሕዝባዊውን ሙዚቃ በጠቅላላ የሚመለከቱ ናቸው። ውጤታቸው የተለያየውም የመረጡት የዘፈን ክምችትና የለኩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ነው። አባትና ልጅ ባልተስማሙበት ነገር ላይ የኮምፒውተር ሊቃውንትም አልተስማሙም ማለት ነው። ምን እንደምንለካ ሳንወስን «ይመሳሰላሉ ወይስ ይለያያሉ» ብሎ መጠየቅ ራሱ ያልተሟላ ጥያቄ ነው።

ጆሮ ሥልጣን ሲይዝ

አሁን በመግቢያችን ወደ ጠቆምነው ጉዳይ እንምጣ። የጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ባለሥልጣኖች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለወጣቶች ባንዶች በመጠኑ ቀና አመለካከት አሳይተው ነበር። የመንግሥቱ የሸክላ አሳታሚ በ1965 የቢትልስን አልበም እስከ ማሳተም ደርሷል። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ግን ነፋሱ ተለወጠ። በላይፕሲግ ከተማ አብዛኞቹ የወጣቶች ባንዶች የመጫወቻ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ጥቅምት 31 ቀን ወጣቶች ተቃውሟቸውን ለማሰማት አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስ በውኃ መርጫና በውሻ በተናቸው፤ ከ200 በላይ የሚሆኑ ታሰሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ የግዴታ ሥራ እንዲሠሩ ተላኩ።

በታኅሣሥ ወር በተካሄደው የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ዋልተር ኡልብሪሽት ከቢትልስ ዘፈን አዝማች አንዲት ቃል መዝዞ፣ ይህ አሰልቺ ድግግሞሽ እንዲቆም፣ ከምዕራብ የሚመጣውን ቆሻሻ ሁሉ መቅዳትም እንዲያበቃ አሳሰበ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የክሱ ቃል ነው፤ ክሱ ድግግሞሽ፣ አንድ ዓይነትነት የሚል ነበር። ጆሮው ለዚያ ሙዚቃ ያልተገራ አንድ አረጋዊ መሪ የራሱን አለመስማት የሙዚቃው ጉድለት አድርጎ ቆጠረው፤ የመንግሥት ኃይልም ይህን ስሕተት ተከትሎ ተንቀሳቀሰ። በላይፕሲግ ካሉት ባንዶች የትኛው የምዕራቡን እንዲያው ቀጂ፣ የትኛው የራሱን ቋንቋና የራሱን ወጣት ሕይወት ለመግለጽ የሚታገል እንደነበረ የመለየቱ ሥራ ሳይሠራ ቀረ። ይህ ሥራ ደግሞ የባህል ሠራተኛ ዋነኛ ሥራ ነበር።

ጊዜው ራሱ ፍርዱን ገለበጠው። ያው መንግሥት በ1970ዎቹ የራሱን የሮክ ባንዶች ደግፎ ሸክላዎቻቸውን አሳተመ። በሐምሌ 1988 ደግሞ የወጣቶች ማኅበሩ አሜሪካዊውን ብሩስ ስፕሪንግስቲንን ጋብዞ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በበርሊን አጫወተ። በ1965 ወደ ከሰል ማዕድን ለተላኩት ወጣቶች ግን ይህ እጅግ የዘገየ ነበር።

የራሳችን ጆሮ

ይህን ሁሉ ከሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አድርገን አንየው። ለእኛ ቅኝቶች ጆሮው ያልተገራ እንግዳ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን አከታትሎ ቢሰማ ሁሉም አንድ ዜማ ሊመስሉት ይችላሉ። እኛ ግን ክራሩ ገና ሲነካ፣ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት፣ የትኛው መሆኑን እናውቃለን። አንድን ትዝታ ሁለት አዝማሪዎች ቢጫወቱት ደግሞ ቅኝቱ አንድ፣ ማሲንቆው አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ያስተክዛል፣ ሌላው ያስቆጣል። በ1963 በለንደን በአንድ ዘፈን ላይ የታየው ፈተና በእኛ ዘንድ በየአዝማሪ ቤቱ ሲካሄድ የኖረ ነው።

የካሊፎርኒያው የተቀጣሪ ሙዚቀኞች ጥያቄም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በካሴት ዘመን አይቤክስና በኋላም ሮሃ ባንድ ብዙ ድምፃውያንን አጅበዋል፤ ያ ዘመን «ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ» የሚል ቅሬታ አላጣውም። ያም ሆኖ ማሕሙድ አሕመድን ከሌላ ድምፃዊ ለመለየት የሚቸገር አድማጭ አልነበረም። ኪቦርድ የሙሉ ባንድን ቦታ በተካበት በኋለኛው ጊዜ ደግሞ የተነሣው ሮሮ የበለጠ መሠረት ነበረው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የጠፋው የባንድ ስም ሳይሆን ቀደም ወይም ዘግየት የሚለው የሰው እጅ ነው።

ስለዚህ የአባትና የልጁ መሐላ እንዲህ ይዳኝ። አባትየው የሰማው የጋራውን ሥር ነው፤ ሥሩ አለና አልዋሸም። ልጁ የሰማው የየቅርንጫፉን ፍሬ ነው፤ ፍሬውም አለና አልዋሸም። ስሕተት የሚሆነው አባት ፍሬውን ሳይቀምስ ዛፉን ቁረጡት ያለ እንደሆነ፣ ልጅም በሽፋኑ ፎቶግራፍ ተታሎ ማንኛውንም አዲስ ስም አዲስ ድምፅ ነው ብሎ የተቀበለ እንደሆነ ነው።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ብዙ ዕቃ አያስፈልጋቸውም። አንድን ዘፈን በሁለት ባንዶች ማሰማትና ተማሪዎቹ የሚለየውን ነገር በቃላት እንዲናገሩ መጠየቅ ይበቃል። ለመናገር ሲቸገሩ ይታያል፤ ጆሮ የሚያውቀውን ምላስ ገና አልተማረውምና። ያንን ቃል የማስተማሩ ኃላፊነት በእኛ ላይ ነው። መለየት ያልተማረ ጆሮ ዛሬ ዝም ብሎ ይሸምታል፣ ነገ ሥልጣን ሲይዝ ዝም ብሎ ይከለክላል። በላይፕሲግ የሆነውም ይኸው ነው።